አጭሩ ውድድርና ረጅሙ መንገድ

አንድ ድልድይ ተሠርቶ ሲያበቃ ለተሽከርካሪ ከመከፈቱ በፊት ክብደታቸው የታወቀ የጭነት መኪናዎች በላዩ እንዲቆሙ ይደረግና የድልድዩ መርገብ በሚሊ ሜትር ይለካል። የተገኘው ቁጥር በስሌት ከተገመተው ጋር ከተስማማ ድልድዩ ይመረቃል፤ ካልተስማማ ምክንያቱ ይፈለጋል። የማራቶን ሯጭና አሠልጣኙ ግን ይህን የመሰለ ዕድል የላቸውም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በሙሉ ኃይሉ የሮጠ ሰው ጡንቻውና አጥንቱ ወደነበሩበት እስኪመለሱ ብዙ ሳምንታት ያስፈልጉታል። ስለዚህም በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ካልሆነ በቀር ለውጤት አይሮጥም። ወራት የፈጀ ልምምድ ምን እንዳፈራ በዚያው በማራቶን ልመርምር ማለት የድልድዩን ጥንካሬ ለማወቅ እስኪሰበር ድረስ እንደ መጫን ይቆጠራል።

መውጫ ሆኖ የተገኘው አጭሩ ውድድር ነው። ማራቶኑ ከመድረሱ ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ሲቀረው ሯጩ 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ደግሞ ግማሽ ማራቶን ይወዳደርና ያስመዘገበው ሰዓት የሚመጣውን ለመገመት ያገለግላል። ዛሬ ይህ በዓለም ዙሪያ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ይሁን እንጂ ልማዱ እንደሚመስለው ጥንታዊ አይደለም። አጭሩ የጎዳና ሩጫ ታማኝ መመዘኛ ለመሆን የበቃው ጎዳናው ራሱ በትክክል መለካት ከጀመረ ወዲህ ነው። ስለሆነም ታሪኩ የጡንቻና የሳንባ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመለኪያም ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች «እ.ኤ.አ.» ያልተጻፈባቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ከተማ በተደረገው የኦሊምፒክ ማራቶን መነሻ ላይ ሁለት ዓይነት ዝግጅት ጎን ለጎን ቆሞ ነበር። እንግሊዛዊው ጂም ፒተርስ ከስድስት ሳምንት በፊት በአገሩ ሙሉ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ42.2 ሴኮንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ይዞ መጥቷል። ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ ግን በሕይወቱ ማራቶን ተወዳድሮ አያውቅም፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት በ10,000 ሜትርና በ5,000 ሜትር ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። ፒተርስ ከመንገዱ ሦስት አራተኛውን ያህል ከሄደ በኋላ ጡንቻው ተሸማቅቆ አቋረጠ። ዛቶፔክ በ2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3.2 ሴኮንድ አሸነፈ። ከዚህ ተነሥቶ «አጭር የሮጠ ይረታል፣ ረጅም የሮጠ ይወድቃል» የሚል ሕግ ማውጣት ችኮላ ይሆናል። ፒተርስ ወደ ሄልሲንኪ ሲመጣ የአውሮፕላን ጉዞው አጎሳቁሎት ነበር፤ ዛቶፔክ ደግሞ ለማንም ምሳሌ የማይሆን ሰው ነበር። ሆኖም አንዱ ዋናውን ሥራ ሁለት ጊዜ ሊሠራ መሞከሩ፣ ሌላው ደግሞ ኃይሉን በአጭር ርቀት አረጋግጦ መምጣቱ ከቶ የማይዘነጋ ልዩነት ነው።

ዛቶፔክ ኃይሉን ያረጋገጠው በመም እንጂ በጎዳና አለመሆኑም መታለፍ የለበትም። በዚያ ዘመን አንድ ሯጭ «10 ኪሎ ሜትር በዚህን ያህል ደቂቃ ሮጥሁ» ሲል ሊታመን የሚችለው ባለ 400 ሜትሩን መም 25 ጊዜ ዞሮ እንደሆነ ብቻ ነበር። የጎዳናው ርቀት በመኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ፣ ወይም በከተማ ካርታ ላይ በገመድ፣ አንዳንድ ጊዜም በአዘጋጁ ግምት የሚወሰን ነበርና ከአንዱ ከተማ የተገኘው ሰዓት ከሌላው ጋር አይነጻጸርም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ለሮም ኦሊምፒክ የተዘጋጀው ከዚህ በተለየ መንገድ ነበር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ሯጮቻቸውን የመዘኑት በዚያው በማራቶን ነው። አበበ ከውድድሩ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው በአዲስ አበባ ባደረገው ሩጫ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ አስመዘገበ። ይህ ሰዓት ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የተሻለ ነበር፤ የተሮጠውም ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ከተማ ነው። ዛሬ ያለ አሠልጣኝ እንዲህ ያለውን ሙከራ ማራቶኑ በደረሰበት ወር አያዝም። ያን ጊዜ ግን ሌላ ምን መመዘኛ ነበረ? በአዲስ አበባ በትክክል የተለካ የ10 ኪሎ ሜትር ጎዳና በሌለበት ዘመን፣ አንድ ወታደር በሮም ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማወቅ ሙሉውን መንገድ ማስሮጥ ግድ ሳይሆን አልቀረም። ሙከራው ያላደከመው የአበበ አካል የተለየ ስለነበረ ነው ቢባል ያስኬዳል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ጎዳና ከአበበ ጎን እስከ መጨረሻው ድረስ የሮጠው ሞሮኮአዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበር። አበበ የሚጠብቀው 26 ቁጥር የለጠፈውን ራዲን ሲሆን፣ ራዲ ግን 185 ቁጥር ለጥፎ ስለነበር አብሮት የሚሮጠው እርሱ መሆኑን አላወቀም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ቁጥሩ አይደለም። ራዲ ከሁለት ቀን በፊት የ10,000 ሜትሩን ፍጻሜ ሮጦ ነበር። አበበ የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ ቆሞበት በነበረው አደባባይ አጠገብ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየውና በ25.4 ሴኮንድ ቀደመው። ያ የ10,000 ሜትር ሩጫ ባይኖር ኖሮ ራዲ ምን ያደርግ ነበር የሚለውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። ይሁን እንጂ ሁለት ቀን ለማረፍም ሆነ ከሩጫው ለመማር አይበቃም። እንዲህ ያለው አጭር ውድድር መመዘኛ መሆኑ ቀርቶ ወጪ ይሆናል።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሻምበል ማሞ ወልዴ ታሪክ ነው፤ አንድ ዓይነት ሙከራ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ ተደርጎ ተቃራኒ ውጤት ተገኝቶበታልና። ጥቅምት 4 ቀን 1957 ዓ.ም. ማሞ በቶኪዮ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ። ልክ በሳምንቱ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ማራቶኑን ጀምሮ ሳይጨርስ ቀረ። በዚያው ማራቶን ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ገና ስድስት ሳምንት ያልሞላው አበበ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ የዓለምን ምርጥ ሰዓት አስመዘገበ። በሐኪም ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ የነበረ ሰው በዚያ ጊዜ በየትኛውም አጭር ውድድር አልተመዘነም። ይህን የመሰለው ምሳሌ ስለ ማራቶን ዝግጅት የሚጻፈውን ሁሉ ትሕትና ሊያስተምረው ይገባል።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማሞ በሜክሲኮ ከተማ እንደገና 10,000 ሜትር ሮጠ። ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ማሞ በ0.6 ሴኮንድ ብቻ ተቀድሞ የብር ሜዳሊያ አገኘ። ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ሦስቱም ማለት አበበ፣ ማሞና ቴሙ በማራቶኑ መነሻ ላይ ተገኙ። አበበ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ቴሙ ደክሞ አሥራ ዘጠነኛ ሆነ። ማሞ በ36 ዓመቱ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ አሸነፈ፤ ጃፓናዊው ኬንጂ ኪሚሃራ የደረሰው ከ3 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነበር።

እንግዲህ በ10,000 ሜትር በግማሽ ሴኮንድ ያህል የተለያዩ ሁለት ሰዎች በማራቶን አንዱ አንደኛ፣ ሌላው አሥራ ዘጠነኛ ሆኑ። ማሞም በቶኪዮ ያልተሳካለት በሜክሲኮ ተሳክቶለታል። አጭሩ ሩጫ የሁለቱን ፍጥነት በትክክል ተናግሯል፤ ጽናታቸውን ግን አልተናገረም። ይህን ልዩነት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በጃፓን የአጭር ጎዳና ሩጫ ከማራቶን ጋር የተሳሰረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በስቶክሆልም ማራቶን በሙቀት ተሸንፎ ያቋረጠው ካናኩሪ ሺዞ፣ የማራቶን ሯጮችን ለማፍራት ሲል እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረውን የሃኮኔ የዱላ ቅብብል ካቋቋሙት አንዱ ነው። በዚህ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ዛሬ እያንዳንዱ ወጣት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ጃፓን በማራቶን ለዘመናት ስሟ ሳይጠፋ የኖረው በከፊል ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ጎዳናውን ወደ መለኪያነት የለወጡት ግን ሯጮችና መሐንዲሶች በጋራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 እንግሊዛዊው ጆን ጅዌል የጎዳና ርቀት የሚለካባቸውን ልዩ ልዩ ዘዴዎች አነጻጽረው፣ አስቀድሞ የተስተካከለ ብስክሌት ከሌላው ሁሉ እንደሚሻል በጽሑፍ አሳዩ። በ1952ቱ የሄልሲንኪ ማራቶን ከዛቶፔክ ጋር የሮጡት አሜሪካዊው ቴድ ኮርቢት ይህን ሐሳብ ወደ አገራቸው ወሰዱና እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ጎዳና ውድድር አለካክ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ አለን ጆንስ የተባሉ የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ ከልጃቸው ከክሌይን ጋር ሆነው በብስክሌቱ የፊት ጎማ ላይ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ሠሩ። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ቆጣሪው 20 ይቆጥራል፤ በመሆኑም አንዱ ቁጥር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መንገድ ይሆናል።

አሠራሩ ለሙያው ሰው ደስ የሚል ነው። በመጀመሪያ ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ ጥቂት መቶ ሜትር በብረት ሜትር ይለካል፤ ብረት በሙቀት ስለሚረዝም የዕለቱ ሙቀት ተመዝግቦ ርዝመቱ ይታረማል። ብስክሌተኛው በዚህ መንገድ ላይ አራት ጊዜ ይመላለስና አንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ቁጥር እንደሆነ ያሰላል። ከዚያም የውድድሩን ጎዳና አንድ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው በጣም አጭሩ መስመር፣ ማለትም በኩርባው ላይ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ይነዳል። ሲጨርስ ወደ ተለካው መንገድ ተመልሶ እንደገና አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ ፀሐይ ስትበረታ በጎማው ውስጥ ያለው አየር ተለጥጦ የጎማው ዙሪያ ይለወጣልና። በመጨረሻም ርቀቱ ፈጽሞ እንዳያንስ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨመራል። ስለዚህ በደንቡ የተለካ 10 ኪሎ ሜትር 10,010 ሜትር ሆኖ ይሠመራል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ የኒው ዮርክ ማራቶን አስመስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1981 አልቤርቶ ሳላዛር በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ሲገባ የዓለም ምርጥ ሰዓት ተብሎ ተጨበጨበለት። መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1985 እንደገና ሲለካ 148 ሜትር ያህል አንሶ ተገኘና ሰዓቱ ከመዝገቡ ወጣ። ሳላዛር ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ያጠፋው ጎዳናው ነው።

በአጭር ውድድር ላይ የሚፈጠረው ጉድለት ደግሞ ወደ ማራቶኑ ሲዛወር ይበዛል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነውን ቀመር ያወጡት በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በኮሎምበስ ከተማ በባቴል የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት መሐንዲስ ፒተር ሪገል ናቸው። ሪገል ሯጭ፣ በኋላም በአሜሪካ ከታወቁት የጎዳና ለኪዎች አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 በአንድ የሯጮች መጽሔት፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ በሰፊው «አሜሪካን ሳይንቲስት» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ሐሳብ አጭር ነው፤ ረጅሙ ርቀት ለአጭሩ ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር 1.06 አርቢ ይሰጠውና በአጭሩ ውድድር ሰዓት ይባዛል። አርቢው 1 ቢሆን ኖሮ ሰው ርቀት ሲጨምር ፍጥነት አይቀንስም ማለት ይሆን ነበር። ትርፍዋ 0.06 የድካም ዋጋ ናት።

በዚህ ስሌት አንድ ሯጭ 10 ኪሎ ሜትር በ30 ደቂቃ ከሮጠ ሰዓቱ በ4.6 ይባዛና ለማራቶን 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይገመትለታል። በዚያው ፍጥነት እስከ መጨረሻው ቢዘልቅ ኖሮ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ በበቃው ነበር። እንግዲህ ያ የ10 ኪሎ ሜትር ጎዳና 100 ሜትር ቢያንስ ሯጩ 18 ሴኮንድ በከንቱ ያተርፋል፤ በማራቶኑ ግምት ላይ ስሕተቱ 83 ሴኮንድ ይሆናል። ይህን የውሸት ተስፋ ይዞ የተነሣ ሰው በየኪሎ ሜትሩ 2 ሴኮንድ ያህል ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ዕዳው የሚጠየቀው ግን በ35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው።

መንገዱ በትክክል ቢለካም እንኳ ቀመሩ ሁሉን አያውቅም። ከፍ ብሎ ወደተጠቀሰው ወደ ቴሙና ወደ ማሞ ልዩነት የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። የሚሮጥ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይል ያወጣል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሯጭ ለ10 ኪሎ ሜትር 600፣ ለግማሽ ማራቶን 1,270፣ ለማራቶን ደግሞ ከ2,500 በላይ ያስፈልገዋል። በጡንቻና በጉበት የሚከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ከ2,000 ኪሎ ካሎሪ ብዙም አይበልጥም። ከፊሉ ኃይል ከስብ ይገኛል፤ ነገር ግን ስብ ቀስ ብሎ የሚነድ ማገዶ ነው። አጭሩ ውድድር እንግዲህ የሞተሩን ጉልበት ይለካል እንጂ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን ስፋት አይለካም። ግማሽ ማራቶን የሮጠ ሰው ወደ ማጠራቀሚያው ወለል አልደረሰም። ያን የሚያሰፋው በየሳምንቱ የሚደረገው የሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሆነ ሩጫ ብቻ ነው፤ በእንጦጦ ጫካ፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰንዳፋ አስፋልትና ኮረኮንች ላይ ገና ጎሕ ሲቀድ የሚታዩት ሯጮች የሚደክሙትም ለዚሁ ነው።

የአጭር ውድድር ዝግጅት ከዚህ ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። ለ10 ኪሎ ሜትር ጥሩ ሰዓት የሚያስገኘው ፈጣንና አጭር ድግግሞሽ ነው፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ ረጅሙ ሩጫ ይቀነሳል፤ ከውድድሩ በፊትም በኋላም ዕረፍት ያስፈልጋል። በሯጮች ዘንድ በተለመደ ደንብ ለተወዳደሩበት ለእያንዳንዱ 1.6 ኪሎ ሜትር አንድ ቀላል ቀን ይታሰባል። ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ስድስት ቀን፣ ከግማሽ ማራቶን በኋላ አሥራ ሦስት ቀን መሆኑ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ አሠልጣኝ አጭሩን ውድድር እንደ ግብ አይዘውም፤ ሁለት ሦስት ቀን ልምምዱን ቀለል አድርጎ ያስገባውና ሯጩ በደከመ እግር ያስመዘገበውን ሰዓት ድካሙን አስቦ ያነበዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በኑሮ ግን አጭሩ ውድድር ለብዙ ወጣት ሯጭ መመዘኛ ሳይሆን እንጀራ ነው። በውጭ አገር አንድ የ10 ኪሎ ሜትር ሽልማት የቤተሰብ የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ወጣት «ይህ ለሙከራ ነው፣ ሁሉን አታውጣ» ቢባል አይሰማም፤ ባይሰማም አይፈረድበትም። በተከታታይ ሳምንታት ከከተማ ከተማ እየዞረ ያለውን ሁሉ ያወጣና በማራቶኑ ዕለት ባዶውን ይቆማል። በሰዓቱ መዝገብ ላይ የሚታየው የወደቀበት ቀን ብቻ ነው።

ለአገራችን ሯጭ ደግሞ ሌላ እርማት አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ግፊት ሦስት አራተኛውን ያህል ነው። በሜክሲኮ ከተማ ቴሙ ያሸነፈበት ሰዓት አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ በዝቅተኛ ቦታ ካስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን በ1 ደቂቃ ከ48 ሴኮንድ ይዘገይ ነበር፤ ራሱ ክላርክም በዚያ ውድድር ስድስተኛ ሆኖ ሲገባ ወደቀ። «ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ» የተባለው የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። እርሱም ሆነ ከርሱ በኋላ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የወጡና የወረዱ ሯጮች በዚህ ጎዳና ያገኙት ሰዓት በሪገል ቀመር እንዳለ ቢሰላ ከእውነቱ የከፋ ማራቶን ይተነብያል።

ኃይሌ ራሱ ለዚህ ሁሉ ዋና ምስክር ነው፤ የማራቶን ዘመኑ በአብዛኛው ጎዳናው በትክክል ከተለካና ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የጎዳና ክብረ ወሰን በዓለም አቀፉ ማኅበር ከታወቀ በኋላ ላይ ውሏልና። ጥር 7 ቀን 1998 ዓ.ም. በአሪዞና ግማሽ ማራቶን በ58 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ቀመሩ ለማራቶን 2 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ይሰጠዋል፤ ያን ጊዜ ማንም ሰው እዚያ ደርሶ አያውቅም። ሚያዝያ 15 ቀን፣ ከ14 ሳምንት በኋላ፣ በለንደን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ዘጠነኛ ሆነ። ግማሽ ማራቶኑ ውሸት አልነበረም፤ ነገር ግን በጥር የተለካ ኃይል የሚናገረው ስለ ጥር ነው። ምርጥ ሰዓቱ ከማራቶኑ ሦስት ወር አስቀድሞ የወጣ ሰው ዋናው ቀን ሲደርስ ያንኑ ኃይል ይዞ ለመቆየቱ ምን ዋስትና አለው?

በተከታዩ ዓመት አካሄዱ ሌላ ነበር። በለንደን እንደገና ሳይቀናው ካቋረጠ በኋላ ሰኔ 20 ቀን 1999 ዓ.ም. በኦስትራቫ ከተማ በመም ላይ አንድ ሰዓት ሮጦ 21,285 ሜትር በመሸፈን ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ሐምሌ 29 ቀን ደግሞ በኒው ዮርክ ግማሽ ማራቶን በ59 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ አሸነፈ። ከዚህ እስከ በርሊን ማራቶን ልክ ስምንት ሳምንት ነበር፤ ለማገገም የሚበቃ፣ ሁለት ሦስት ጥሩ ረጃጅም ሩጫዎች ለመጨመርም የሚበቃ፣ ያገኘው ብቃት እንዳይጠፋ ደግሞ የማይረዝም ጊዜ ነው። ቀመሩ ከኒው ዮርኩ ሰዓት ተነሥቶ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ51 ሴኮንድ ይላል። ኢትዮጵያ ሦስተኛውን ሺህ ዓመት በተቀበለችበት ወር፣ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ኃይሌ የመጀመሪያውን ግማሽ በ62 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ፣ ሁለተኛውን ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የፖል ቴርጋትን ክብረ ወሰን ሰበረ። በግምቱና በውጤቱ መካከል ያለው ልዩነት 35 ሴኮንድ ነው። ብዙ የኮንክሪት ስሌት ይህን ያህል አይጠጋም።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ደረሰ። ኃይሌ አስም ስላለበት የከተማዋን አየር ፈርቶ ማራቶኑን ተወና በ10,000 ሜትር ብቻ ተሰለፈ። ብዙ ሰው አዘነ፤ ነሐሴ 11 ቀን 2000 ዓ.ም. በ27 ደቂቃ ከ6.68 ሴኮንድ ስድስተኛ ሆኖ ሲገባም ዘመኑ አለቀ ተባለ። በቀመሩ ሲታይ ግን ይህ የስድስተኛነት ሰዓት ለማራቶን 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ያሳያል፤ ቀነኒሳ በቀለ ወርቁን ባገኘበት በዚያ ማታ ወደ ስድስተኛው ሰው ሰዓት የተመለከተ ብዙ አልነበረም። ልክ ስድስት ሳምንት አለፈ። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. ኃይሌ በበርሊን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ገባ፤ ከቀመሩ በ44 ሴኮንድ ፈጥኖ፣ ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች ማራቶን የሮጠ የመጀመሪያው ሰው ሆኖ።